«ምንም የለብዎትም»

አክስቴ የሚኖሩት መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር። ከአዲስ አበባ የተነሣ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ፣ በሞላሌ በኩል ሲጓዝ ውሎ ብርዱ አጥንቱ ድረስ ሲዘልቅ «ደረስኩ» ይላል። ባለፈው ዓመት በጋ ወደዚያ የወጣሁት ለጥየቃ ብቻ አልነበረም። አሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው፣ አብሮ አደጌ፣ «እባክህ እማዬን ሐኪም ዘንድ አድርስልኝ፤ ወገቧ እንቅልፍ ነሥቷታል» ብሎ ስለ ለመነኝ ነው።

አክስቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው በበቅሎ ተነሡ። ውሃ በእንስራ፣ በኋላም በጄሪካን፣ ማገዶውንም ነዶውንም በጀርባቸው ሲያመላልሱ የኖሩ ሴት ናቸው። መንገዱን ሁሉ ትንፍሽ አላሉም። ተራችን ደርሶ ወደ ሐኪሙ ክፍል ስንገባ ግን ነጩን ጋዋን እንዳዩ «ወይኔ ወገቤን!» ብለው ማቃሰት ጀመሩ። አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ በልቤም «ታዲያ እስካሁን የት ነበር?» አልኩ።

ወጣቱ ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም። ከደጅ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው። የራጁን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየና «ምንም የለብዎትም እናቴ፤ ዕድሜ ነው» አለ። ማስታገሻ ጻፈልን። ወጣን። አመሻሹ ላይ ለልጃቸው ስልክ ደውዬ የምሥራች እንደሚያበሥር ሰው «ምንም የለባቸውም ተብሏል» አልኩት። ከወዲያ በኩል ዝምታ ሆነ። ቆይቶ «እኔንም እንደዚያ ብለውኝ ነበር» አለኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

ይህ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ በአንድ መጋዘን ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ወገቡን ተጎዳ። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ዛሬ ከመቀመጫው በላይ ከቆዳው ሥር የክብሪት ሣጥን የምታህል ነገር አለች። ከዚያች ሣጥን ተነሥተው እስከ ኅብለ ሰረሰሩ የሚደርሱ ቀጫጭን ሽቦዎች መጠነኛ የኤሌክትሪክ ምት እየሰጡ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም መልእክት ያደናቅፋሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት «ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ሕመምን የሚያሳልፍና የሚያግድ በር አለ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በ1967 ደግሞ ኖርማን ሺሊ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም የመጀመሪያውን መሣሪያ በአንድ የካንሰር ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ አኖረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ተሸክሞታል። ዋጋው ከነቀዶ ጥገናው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ስለዚህ ከፋዩ ኢንሹራንሱ ነው፤ ከፋይም ይጠይቃል። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን መድን በደንቡ ላይ እንዳሰፈረው፣ መሣሪያው የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት፤ ሌላው ሕክምና ሁሉ አስቀድሞ መሞከር አለበት፤ ሕመምተኛው በአካልም በሥነ ልቡናም መመርመር አለበት፤ ከሁሉ በኋላም ጊዜያዊ ሽቦ ገብቶለት ሕመሙ መቀነሱ መታየት አለበት። የግል ድርጅቶችም ከዚህ እምብዛም አይርቁም። በተለምዶ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ሙከራው እንደ ወደቀ ይቆጠራል።

የአክስቴ ልጅ በኢንሹራንሱ ሁለት ጊዜ «አይገባህም» ከተባለ በኋላ ነው ለሙከራው የደረሰ። ባትሪውን ከውጭ ታጥቆ አንድ ሳምንት ከረመ። በየማታው ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ባለው ቁጥር መዝግብ ተባለ። «አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ በዚያው ምሽት፤ «ከሦስቱ ቀን በአንዱ ሕመሜ ስድስት ነበር። አራት ብዬ ጻፍኩ። ስድስት ካልኩ መሣሪያውን እንደሚከለክሉኝ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ደግሞ ሰባቱን ዘጠኝ ብዬ ነበር፤ ሰባት ካልኩ እንደማይሰሙኝ አውቃለሁና።»

በቤታችን በሐቀኝነቱ የሚታወቅ ሰው ነው። ማን አዋሸው?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሕመም ከሌላው የሰው ልጅ መከራ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ለባለቤቱ ከፀሐይ የበለጠ ግልጽ ሲሆን ለጎረቤቱ ፈጽሞ አይታይም። ረሃብ ያከሳል። ትኩሳት ያልባል። ስብራት በራጅ ይታያል። ሕመም ግን ከአፍ ወጥቶ ካልተነገረ የለም። በቋንቋችን እንኳ ሕመምን የምንጠራባቸው ስሞች ሁሉ ከሌላ ቦታ የተዋሱ ናቸው። ውጋት እንላለን፤ ጦር የያዘ ግን የለም። ራስ ፍልጠት እንላለን፤ መጥረቢያው አይታይም። ቁርጠት እንላለን፤ ቢላዋው የት አለ? ቁርጥማት እንላለን፤ ቆሎ እንደሚቆረጥም ጥርስ አጥንት ውስጥ የገባ ጥርስ ማን አየ? አያቶቻችን ይህን ሁሉ መሣሪያ የፈጠሩት ያልታየውን ለማሳየት፣ ማለትም ለመታመን ነው። ከላይ የጠቀስኩት ሜልዛክም ካናዳ በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ታዋቂ የሕመም መጠይቅ በ78 እንዲህ ያሉ ቃላት ላይ የቆመ ነው። የዘመኑ ሳይንስ ራሱ ከሕመምተኛው ቃል የተሻለ ሚዛን አላገኘም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል «አመመኝ» የሚል ሰው ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ አስፍሯል።

እንግዲህ ወደ መድን እንምጣ። መድን፣ መድህን፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ከአንድ ግንድ፣ ከመዳን የበቀሉ ቃላት ናቸው። ነገር ግን መድን ማለት በተግባር ምንድን ነው? «ከመካከላችን አንዱ ሲጎዳ ሁላችንም እንከፍላለን» የሚል ቃል ኪዳን ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እድራችን ይኸው ነው፤ ወንፈላችንና ደቦአችንም የእርሱ ዘመዶች ናቸው። ዳሩ ግን እድር የሚከፍለው ለሞት መሆኑን ልብ ይሏል። ሞት ምስክር አያሻውም። አስከሬኑ አለ፤ ለቅሶው ይሰማል፤ ድንኳኑ ይተከላል። ሞቻለሁ ብሎ እድርን የሚያታልል ሰው የለም። ስለዚህ እድር መጠርጠርን አልተማረም። ለሕመም ልክፈል የሚል ማኅበር ግን ከመጀመሪያዋ ቀን አንሥቶ አንድ ከባድ ነገር ይገጥመዋል፤ ያላየውን ማመን።

አገራችን ይህን ቃል ኪዳን በሰፊው የጀመረችው በ2003 ዓ.ም. ነው። በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያም እየሰፋ መጣ። ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው የድሀ ድሀ መንግሥት ይከፍልለታል፤ አባሉ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር እስከ ሆስፒታል ይታከማል። አክስቴ የጋማ ከብት ሳይሸጡ፣ ከማንም ሳይበደሩ ራጅ መነሣታቸው የዚህ ፍሬ ነውና ማንም አያቃልለው። ድንበርም አለው። የውጭ አገር ሕክምና፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ጥገና አይካተቱበትም። መነጽር ያልገባበት ማዕቀፍ ውስጥ የልጃቸው ዓይነት መሣሪያ ይገባል ብሎ የሚያልም የለም። የዚያ የአንዱ መሣሪያ ዋጋ የስንት መንደር ጎጆ የዓመት መዋጮ እንደሚበላ አንባቢ በኅሊናው ያስላው።

ስለዚህ «አይሆንም» የሚል መድን ሁሉ ጨካኝ ነው ልል አልነሣሁም። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ገንዘብ የሌላ ሰው ነው። ነገ የምትወልደው የጎረቤት ሚስት፣ ሳል የያዘው ሕፃን ድርሻ አለበት። ለአንዱ ያለ ልክ የሚሰጥ ሣጥን ሌላውን እየነጠቀ ነው። ደግሞም መጠራጠር ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። መሣሪያው ራሱ አከራካሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ኖርዌይ ውስጥ በ50 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት መሣሪያው ሲሠራና ሳይሠራ ልዩነቱን ሕመምተኛው ሳያውቅ ቢለካው ይህ ነው የሚባል የጥቅም ልዩነት አላገኘም። በ2023 የወጣው የኮክሬን ግምገማም ለወገብ ሕመም ያለው ጥቅም አጠራጣሪ መሆኑን፣ የረጅሙ ጊዜ ማስረጃም እጅግ ጥቂት መሆኑን ገልጿል። የአክስቴ ልጅ ግን «ግማሹን ወስዶልኛል» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። አንዱ የብዙዎች ነው፤ ሌላው የአንድ ሰው።

እንግዲህ አንድ ከፋይ፣ መንግሥት ይሁን ኩባንያ፣ ቤተሰብ ይሁን እድር፣ ለሚያመው ሰው «አይሆንም» የሚልባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው «አንችልም» ነው። ሁለተኛው «የጠየቅኸው ነገር የሚጠቅምህ አይመስለንም» ነው። ሦስተኛው «አናምንህም» ነው። ሦስቱም ገንዘቡን በሣጥኑ ያስቀሩታል። የሒሳብ ሠራተኛ ልዩነታቸውን አያይም። ለተቀባዩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የመጀመሪያው ድህነትን ይናገራል፤ ሁለተኛው ዕውቀትን ይናገራል፤ ሦስተኛው ሰውዬውን ከነሕመሙ ከማኅበሩ ያወጣዋል።

የኔ ክርክር ይህ ነው፤ መድን «አንችልም» የማለት መብት አለው፤ «አይጠቅምም» የማለትም ግዴታ ጭምር አለበት። ነገር ግን «አንችልም» ማለት ስላሳፈረው ብቻ «ምንም የለብህም» የማለት መብት የለውም። ችግሩ ሦስተኛው ከሁሉ ርካሽ መሆኑ ነው። «አንችልም» የሚል ሰው ድህነቱን ያምናል፤ «ምንም የለብህም» የሚል ግን ዕዳውን ሁሉ በሕመምተኛው ትከሻ ላይ ጭኖ ነጻ ይወጣል። ያ ወጣት ሐኪም ማለት የነበረበት «በዚህ ፊልም ላይ ምንም አላየሁም» ነበር። «አላየሁም» እና «የለም» በአማርኛ ሁለት የተለያዩ ግሦች ናቸው። እርሱ በሥራ ብዛት አምታታቸው፤ እኔ ግን ጊዜ ነበረኝ፤ አምታትቼ ባሕር አሻገርኳቸው።

በማግሥቱ እሳት ዳር ተቀምጠን ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ አክስቴ የጓሳን ነገር አነሡልኝ። ጓሳ ከመንዝ አናት ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከፍታው ከ3 ሺህ 200 ሜትር የሚጀምር የሣር ምድር ነው። ዛሬ ቱሪስት ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ይወጣበታል። ለመንዜ ግን የቤት ክዳኑ፣ ገመዱ፣ በድርቅ ዘመንም የከብቱ ነፍስ ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን አንሥቶ እስከ 1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ድረስ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር (የዘመናችን ጋዜጦች ወጣቶችን ከሚጠሩበት ቃል ጋር አይምታታብን)። በባላባቱ ዘር የተመረጠ አለቃ እየተሾመ ሣሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ ተነግሮ ይከፈታል። ሳይከፈት ያጨደ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። ጓሳ የመንዝ የጋራ ሣጥን፣ የመንዝ መድን ነበር ማለት ነው።

«ልጅ ሳለሁ» አሉ አክስቴ፣ «በክረምት ጣራችን አፈሰሰ። አባቴ ሄዶ የጓሳውን አለቃ ለመነ። ሰውዬው እቤታችን ድረስ መጣ። ገብቶ ቆመ፤ ውሃው ራሱ ላይ ተንጠባጠበበት። ‹ጣራህ ማፍሰሱን አይቻለሁ፤ ሣሩ ግን ገና ነው፤ አልከፍትልህም› አለው። አባቴ አልተቀየመም። ሰውዬው ሲመለስ ጎረቤት ሁሉ የጣራችንን ነገር ከእርሱ አፍ ሰማ። በሦስተኛው ቀን የገብስ አገዳ ተሸክመው መጥተው ደፈኑልን። ክረምቱን እንዲያው እንዲያው ወጣነው።»

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አለቃው ሣሩን ከለከለ፤ ዝናቡን ግን አልካደም። «አንችልም» የሚል መልስ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከበስተኋላው ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል። «ታዲያ ምን እንችላለን?» የሚል። «ምንም የለብህም» ግን የሚያስከትለው ጥያቄ የለም። በሩ ተዘጋ። አገዳ የሚያመጣ ጎረቤት አይኖርም፤ የማያፈስ ጣራ ማን ይደፍናል?

ምን እንችላለን? ብዙ እንችላለን። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በዝሆኔ እግራቸው ባበጠ 696 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ ጥናት አለ። እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ፤ መድኃኒቱ ይኸው ነበር። ይህን ያገኙት ሰዎች የሚያነድድ ሕመም የሚነሣባቸው በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ሲሆን ያላገኙት 24 ጊዜ ያህል ነበር። በዓመት አምስት ጊዜ ከአልጋ መዋል ቀረ፤ በሳሙና! ከከባድ ሕመም ጋር ለሚሞት ሰው ደግሞ የሚዋጥ ሞርፊን ርካሽ መድኃኒት ነው። ሆኖም ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳስታወቀው፣ ከዓለም ሕዝብ ድሀው ግማሽ የሚኖርባቸው አገሮች ለሕመም ማስታገሻ ከሚሠራጨው ከዚህ ዓይነቱ መድኃኒት የሚደርሳቸው 1 በመቶ ብቻ ነው። ይህ የመሣሪያ እጦት አይደለም። ለአክስቴ ዓይነቱ ወገብም ቢሆን በአግባቡ የሚያንቀሳቅስ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ሸክሙን የሚቀንስ የውሃ ቧንቧ፣ የሚያዳምጥ አሥር ደቂቃ አለ። እነዚህን የሚፈልጋቸው ግን መጀመሪያ ሕመሙን ያመነ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ጥርጣሬ የሚጠረጥረውን ነገር ራሱ ይወልዳል። የአክስቴ ልጅ ስድስቱን አራት፣ ሰባቱን ዘጠኝ ያደረገው ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ እውነቱን ይዞ ሁለት ጊዜ ስለ ተመለሰ ነው። አክስቴም እንዲሁ። በዚያው እሳት ዳር ድፍረት አግኝቼ «እቴቴ፣ መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው መጥተው ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ ለምን ጮኹ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳይቆጡ መለሱልኝ። «በመንገዱ ላይ ለማን ልጩህ? አንተ እንደ ሆንክ ልትሸከመኝ አትችል። እርሱ ዘንድ ግን ካላቃሰትኩ ማን ያምነኛል ልጄ?» አሉ።

የመንዝ ሰው ሕመሙን መዋጥ ከልጅነቱ የተማረ ነው፤ ማቃሰት ነውር ነው። እንግዲህ ይህች ሴት በስተርጅና ነውሩን የተማሩት ከእኛ ነው። የዋጠውን «ካመመው ለምን አይጮህም?» እንላለን፤ የጮኸውን «አስመሳይ» እንላለን። ከዚያም የጥርጣሬያችንን ማስረጃ በራሳችን እጅ ሠርተን «አላልኳችሁም?» እንላለን። አታላይ የለም አልልም፤ በየትኛውም ሣጥን ዙሪያ ይኖራል። ግን አንድ አታላይ ሳይቀጣ ቢያመልጥ ማኅበሩ የሚያጣው ገንዘብ ነው። አንድ ታማሚ ሳይታመን ቢመለስ የሚያጣው የተሰበሰበበትን ምክንያት ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት የጤና መድህን ሹም ወይም የኢንሹራንስ ሠራተኛ አይደለህም። እኔም አይደለሁም። ነገር ግን እያንዳንዳችን በቤታችን ትንሽ ሣጥን ይዘናል። የጊዜ ሣጥን፣ የገንዘብ ሣጥን፣ የትዕግሥት ሣጥን። ስልክ ተደውሎ «አመመኝ» ስንባል፣ መሄድ ሳንችል ወይም ሳንፈልግ ስንቀር፣ «አልችልም» ከማለት ይልቅ «ዕድሜ ነው፣ ብርድ ነው፣ ምንም አይደል» ያላልን ስንቶች ነን? እኔ ብያለሁ። ለብዙ ዓመታት ብያለሁ። ከአክስቴ ወገብ ላይ ሕመሙን ያነሣሁ መስሎኝ፣ ያነሣሁት ከራሴ ላይ የመሄድን ዕዳ ነበር።

ከመንዝ ከመመለሴ በፊት ለአክስቴ ልጅ እንደገና ደወልኩለት። «ተሳስቼ ነበር፤ እማዬን ያማቸዋል። ፊልሙ ላይ አልታየም እንጂ ያማቸዋል። የአንተን መሣሪያ ልናስገባላቸው አንችልም። ምን እንደምንችል እንነጋገር» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ተነጋገርን። አክስቴ አጠገቤ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ያን ምሽት አላቃሰቱም።